በካውያ የደረቀ ግድግዳ

ሰኞ 4

ልጄ ደወለች። ሥራውን አግኝታለች። ሆስፒታል ማብሰያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ሳልጨርስ ወደ ልጇ ወደ ሚጡ ገባች። ልጅቷን ሌሊት ብቻዋን ትታ መውጣት አትችልም። ወይ እኔ ጋ ትቀመጣለች፣ ወይ የአባቷ እናት ጋ ትሄዳለች። እሳቸው ያሉበት አውቶቡስ እንኳ በአንድ ቀን አይደርስም። እዚያ ከሄደች በዓመት አንዴ ባያት ነው።

«እኔማ አንቺ ጋ ብትሆን ነው ደስ የሚለኝ፤» አለች። «እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ብቅ እላለሁ። አንቺም ሰው ታገኛለሽ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማዬ፣ ቤቱ ደረቅ ነው አይደል? የሚጡን ደረት ታውቂዋለሽ።»

«ደረቅ ነው፤» አልኳት።

ይህን ስላት ፊቴ ወደ ግድግዳው ነበር።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ይዛት ትመጣለች። ቤቱን አይታ ትወስናለች።

ረቡዕ 6

ግድግዳው እንዲህ ነው። በጓሮ በኩል ያለው፣ አልጋዬ የተጠጋበት። ጣራው ላይ ያለው አሸንዳ ተቀዶ ውሃው በሙሉ የሚወርደው በእሱ ላይ ነው። ከወለሉ እስከ ወገቤ ጠቁሯል፣ ከዚያ በላይ ቢጫ ነው። በጣቴ ስነካው ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። አልጋውን ወደ እነሱ ላዞር ሞከርኩ፤ በሩ አልከፈት አለ። በሌላው በኩል ምድጃው ነው። ቤቱ አልጋውን የሚቀበለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

አከራዬን ስለ አሸንዳው ነገርኳት። «ክረምቱ ይውጣና እናየዋለን፤ አሁን ማን ጣራ ላይ ይወጣል?» አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው።

ሐሙስ 7፣ ማታ

ሳሙና ስገዛ ባለሱቁ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ገጽ ሊገነጥል ሲል ደረስኩበት። «ሙሉውን ስጠኝ፤» አልኩት።

«ለመጠቅለያ ነው እኮ ያስቀመጥኳት፣ እናቴ።»

«እኔም ለመጠቅለያ ነው።»

ሳቀና ሰጠኝ።

ስለ ቤት የምታወራ መጽሔት ናት። ከፍራፍሬ ሳጥን መደርደሪያ፣ ከጣሳ የመብራት ቆብ፣ ከአሮጌ ልብስ ምንጣፍ። ወጪው ትንሽ የሆነ፣ ማንም በእጁ ሊሠራው የሚችል። «በእረፍት ቀንዎ ከባለቤትዎ ጋር እየተሳሳቁ ይሥሩት» ትላለች። ያንን ትእዛዝ መዝለል ሊኖርብኝ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የለም፤ ምን እንደተጠቀለለበት እግዜር ይወቀው። የተረፈው የሚጀምረው «ግድግዳዎ መድረቁን በዚህ መንገድ ካረጋገጡ በኋላ» ከሚለው ነው።

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ገጽ ሄድኩ።

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። ባሌ ቤት ቀቢ ነበር። ወለል ላይ ከሚያነጥፈው ጋዜጣ የተረፈውን ያመጣልኝና እኔ በዚያኛው ቤታችን ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ፊደሉን ከእሷ ጋር ቆጠርኩ፤ የቀረውን ያስተማረኝ ግድግዳው ነው። አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ አንድ አንድ ቃል እያልኩ። ትንሹ ልጄም አጠገቤ ይተኛና ጣቱን ፊደል ላይ እያሳረፈ «ይቺስ?» ይለኝ ነበር። ይቺ መ ናት። «ይቺስ?» ይቺ ደግሞ ሙ ናት፣ የመ ወንድም። በዚህ በጣም ይስቅ ነበር።

መብራቱን ላጥፋ።

እሑድ 10

ጋሽ ብሩሽ መጣ። የባሌ የሥራ ጓደኛ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ጢሙ ነው። ግድግዳውን በጣቱ አጥንት አንኳኳ፣ በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፣ ጥፍሩን አሸተተ።

«እህቴ፣ ይሄ ግድግዳ ሰክሯል።»

«ምን ይሻለዋል?»

«ሰካራምን ምን ታደርጊዋለሽ? ኮት ብትደርቢለት አይነቃ። ዝም ብለሽ እስኪበርድለት መጠበቅ ነው። አሸንዳውን አስደፍኚ፣ ራቁቱን ተዪው፣ ፀሐይ ይምታው። ምንም ነገር እንዳትለጥፊበት፣ ቀለምም ቢሆን። ልጅቷን ክረምቱ ሲወጣ አምጪያት በያት።»

የረገፈውን ቀለም መጥረግ ጀመርኩ።

«ምን ችግር አለው? የገዛ ልጅሽ አይደለች እንዴ? ንገሪያታ!»

«እነግራታለሁ፤» አልኩት።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሟቹ ቢኖር ይሄን አይሸፍነውም ነበር፤» አለ። እውነቱን ነው። ያኔም የሸፈነው እሱ አልነበረም።

ማክሰኞ 12

በረኪና። እጄ ተላጠ። ጥቁሩ ለቀቀ፣ ግድግዳው ነጣ። ከአትክልት ሻጩ ሁለት የእንጨት ሳጥን አገኘሁ፤ አንደኛው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ደክሞኛል።

ሐሙስ 14

ጥቁሩ ተመለሰ።

ቅዳሜ 16

ዛሬ ግማሽ ቀን ነው የሠራሁት፤ ከሰዓቱ የራሴ ነበር። ሳጥኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አቁሜ በሽቦ አሰርኳቸው። የባሌ ጣሳዎች ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ከሥር ተርፎ ነበር፤ ላዩ ቆዳ ሠርቷል። ቆዳውን ገፍፌ ሳማስለው ከሥር ሕይወት አለው። አንድ ሳጥን ብቻ አዳረሰ። ሁለተኛውን እንዳለ ተውኩት። መጽሔቷ «የተፈጥሮ እንጨት መልክ ማራኪ ነው» ትላለች፤ ማራኪ ነው እንግዲህ።

የወተት ዱቄት ጣሳ በሚስማር ቀዳድቼ የአምፖል ቆብ አደረግሁት። ለትንሽ ሰው ኮከብ ይመስላል ብዬ ነው። መዶሻው ቤቱን ሲያናውጥ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ አለች።

«ምን ነክቶሻል ሰሞኑን? ሙሽራ ልትሆኚ ነው እንዴ?»

«የልጅ ልጄ ልትመጣ ነው።»

«እኔ ደግሞ ባል አገኘች ብዬ ቀሚስ ልሰፋልሽ ነበር!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። በኋላ ግን አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ጨርቅ አመጣችልኝ፤ ለምንጣፍ። ደግ ናት። አፏ ብቻ ነው።

ማምሻውን ቧንቧ ጋ ውሃ ስቀዳ አከራዬ ከውስጥ ስታወራ ሰማኋት። «ለሰው ቤት እንዲህ መልፋት ምን ይባላል? ብቸኝነት ነው እንጂ፣ ምስኪን።» ባልዲው ሳይሞላ ይዤ ገባሁ።

ምስኪን የሚለውን ቃል አልወደውም። ምስኪን ሰው ምንም ያላጠፋ ነው።

ሰኞ 18

ሥራ ቦታ አንሶላ አቃጠልኩ። እኔ! ላውንደሪ ውስጥ ስተኩስ ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቁልፍ እንኳ አቅልጬ አላውቅም። ሐሳቤ ግድግዳው ላይ ነበር። ካውያውን እንዳቆምኩ ረሳሁት፤ ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ። መሐል አንሶላው ላይ የካውያ ቅርጽ፣ ቡኒ፣ ጫፉ የሾለ።

አለቃችን አልጮኸም። «አንቺማ እንዲህ አልነበርሽም፤» ብቻ አለኝ። ከደመወዜ ይቆረጣል፤ አንሶላው የእኔ ሆነ።

መጋረጃ ይሆናል። የተቃጠለውን በሆነ ነገር እሸፍነዋለሁ።

ሐሙስ 21፣ ማታ

የባሌን የሥራ ቱታ አወጣሁት። ከሞተ ወዲህ አንድ ጊዜም አልታጠበም። መታጠብም የለበትም፤ የቀባቸው ቤቶች ሁሉ ጠብታ እላዩ ላይ አለ። የትምህርት ቤቱ አረንጓዴ፣ የሀብታሙ ሰውዬ ሮዝ፣ የክሊኒኩ ነጭ። አንዱን እግሩን ቆርጬ ለሚጡ ትራስ ሰፋሁ፤ ውስጡን የሰፊዋን ቁርጥራጭ ሞላሁት። ከኪሱ ደግሞ ዓሣ ቆርጬ መጋረጃው ላይ፣ ካውያው በበላው ቦታ ሰፋሁበት። ዓሣው ቆንጆ ነው። ጭራው ትንሽ አነሰና በአንድ በኩል ቡኒው ይታያል።

እየሰፋሁ ሳለ ለባሌ የምነግረው መሰለኝ፣ እንደ ድሮው። እሱ ስሰፋ ማየት ይወድ ነበር። ከትንሹ በኋላ ግን አብረን ብዙ አላወራንም። ይወቅሰኛል ብዬ ስጠብቅ አንድም ቀን ሳይወቅሰኝ ሞተ። ነገሩን አያውቀውም ነበርና በምን ይውቀሰኝ?

እሑድ 24

ለጠፍኩት።

ለጋሽ ብሩሽ አልነግረውም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር፤ በሩንና መስኮቱን ከፍቼ አዋልኩት፣ ከሰልም አቀጣጠልኩለት፤ ስነካው እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ጥቁሩን ደግሞ እንዳለ ልጄ ብታየው በዚያው እግሯ ነው የምትመለሰው።

ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁ። ከባሌ የተረፉትን ጋዜጦች መምረጥ ግን ከመለጠፍ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኳቸው። የሞተ ሰው ያለበትን አልፈለግሁም፣ የጦርነት ወሬም፣ የፍርድ ቤት ማስታወቂያም። ሲጣሩ ስንት ቀሩ! ስለ ዓሣ ነባሪ የሚያወራ አንድ ገጽ አለ። ስለ አንድ መንደር ዝሆን። የአየር ሁኔታ። አንድ ኳስ ተጫዋች አፉን ከፍቶ እየጮኸ። ምርጥ ምርጦቹን ከታች አደረግሁ። ትንሽ ልጅ ተጋድማ ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ እኔም አልጋው ላይ ተጋደምኩና፣ ጉልበቴን አጥፌ ራሴን አሳንሼ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ዝሆኑ እዚያ ላይ ነው። ሚጡ በክረምቱ ማብቂያ ፊደል ትለያለች።

ያምራል። ውሸት አይሁንብኝ፤ በእውነት ያምራል። ቤቱ ከመጽሔቷ የወጣ መሰለ። አሻግሬ ሳየው ማን እዚህ እንደሚኖር ለማወቅ የጓጓሁ ይመስል ቆሜ ቀረሁ።

ረቡዕ 27

የታችኛው ማዕዘን አብጧል። ዝሆኑ ጋ አልደረሰም። መርፌ ወጋሁበት፣ ተነፈሰ። ሥራ ረፍዶብኛል።

ሐሙስ 28

ዘነበ። ጋሽ ብሩሽ መንገድ ላይ አገኘኝ። «ነገርሻት?» አለኝ። «ነገርኳት፤» አልኩት። «ምን አለች?» «ምንም አላለች።» ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው እንዲህ ያልኩት። አረጀሁ መሰለኝ፣ ውሸቱ እንኳ አያለፋኝም።

ዓርብ 29፣ ማታ

ልነግራት ደወልኩ። እውነቴን ነው፣ ልነግራት ነው የደወልኩት። ስልኩን ያነሳችው ሚጡ ናት።

«እማማ፣ ሻንጣዬን ራሴ ነው ያሰርኩት!»

«ጎበዝ። ምን ምን ከተትሽበት?»

«አንድ ካልሲ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ጠፍቷል። አንቺ ቤት ካልሲ አለ?»

«አለ፤» አልኳት። «እናትሽን ስጪኝ።»

ልጄ መጣች፤ ድምጿ ድክም ብሏል፣ ግን ደስታ አለበት። «ምነው እማዬ? ሰላም ነው?» አለችኝ። «ሰላም ነው፤ በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ ብዬ ነው፤» አልኳት።

አሁንም እየዘነበ ነው። አሸንዳው ሲያፈስ ከራስጌዬ ይሰማኛል።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ክረምት ነበር፤ ባሌ ራቅ ያለ ቦታ ሥራ ላይ። እሷና ትንሹ አንድ አልጋ ላይ ነበር የሚተኙት፣ ጋዜጣ በለጠፍኩበት እርጥብ ግድግዳ በኩል እሱ። «እማዬ፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ሰው ልጥራ?» ትለኝ ነበር። «ምንም አይደለም፣ ተኚ፤» እላት ነበር። አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም። ባሌ ለቀብሩ ተጠርቶ ሲመጣ «በድንገት ነው» ብዬ ነገርኩት። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። ምንም አላለችም፤ እስከ ዛሬም ምንም ብላ አታውቅም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ስለ ግድግዳው ነበር ልጽፍ የጀመርኩት።

ቅዳሜ 30፣ ጠዋት

ዝሆኑ ረጥቧል። ከታች እስከ ላይ። ስጫነው ጣቴ ይሰምጣል።

አልጋውን ሳብኩት። የከሰል ካውያዬን አቀጣጠልኩ። ሌላ የማውቀው የለም፤ እርጥብ ነገር ሲሰጡኝ ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግሁት ይሄንኑ ነው። በላዩ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጌ ግድግዳውን እንደ ሸሚዝ ተኮስኩት። ሺ... አለ፣ ተነነ፣ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ። ከዚያ ቀጥ አለ። አንድም ሽብሽብ የለውም። አንገትጌ ነው የሚመስለው!

ሞቅ ይላል። ደረቅ ነው። ከሰሉን ወደ ውጭ ላውጣ፤ አሁን ይደርሳሉ።

እሑድ 1

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

እረፋድ ላይ መጡ። ሚጡ ከበሩ ሳታልፍ ቀና ብላ ጣሳውን አየች።

«ኮከብ ነው ወይስ ቀዳዳ?»

«ሁለቱም ነው፤» አልኳት።

«የኛ ቤት አምፖሉ ራቁቱን ነው፤» ብላ ነገረችኝ፣ እንደ ምስጢር። ከዚያ ትራሱን አገኘች። «ይሄን ማነው ያቆሸሸው?»

«አያትሽ።»

«ተቀጣ?»

ልጄ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ እኔ ቤት ውስጥ ሳቀች። መደርደሪያውን ዳሰሰች፣ መጋረጃውን ገልጣ ዓሣውን አየችና «የአባዬ ኪስ ነው አይደል?» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቤቱን ሁሉ ዞረችው፤ ትንሽ ስለሆነ ለመዞር ብዙ አይፈጅም። በመጨረሻ ግድግዳው ጋ መጣች። ጋዜጣውን ስታይ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። መዳፏን ለጠፍ አደረገችበት።

«ሞቅ ይላል እኮ!» አለች። ትከሻዋ ወረደ፤ የተሸከመችውን ነገር ያስቀመጠች መሰለች። «እማዬ ሙች፣ መንገዱን ሙሉ እየፈራሁ ነው የመጣሁት። በቃ፣ ሚጡ እዚሁ ትሆናለች። ሰኞ ዕቃዋን አመጣለሁ።»

ይህን ተናግራለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንም ከዚህ ደብተር ላይ አይፍቀው።

ምሳ በላን። ሚጡ ደከማትና አልጋው ላይ ወጣች፤ ትራሱን አቅፋ፣ ፊቷን ወደ ዝሆኑ አዙራ። ጣቷን ፊደል ላይ አሳረፈች። «ይቺስ ማናት?» አለችኝ። እኔ ያስተማርኳት አልነበረም። ማንም አላስተማራትም። «ዝ ናት፤» አልኳት። እንቅልፍ ወሰዳት። እኔና ልጄ በሩ ላይ ተቀምጠን አተር ፈለፈልን፤ ስለ ሥራዋ አወራችኝ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ውስጣቸው ሰው ቁጭ ብሎ ሊታጠብ እንደሚችል። ውጭ ካፊያው ጀመረ። አሸንዳው መፍሰስ ሲጀምር ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመርኩ። ስለ አንሶላው ነገርኳት፣ ስለ ሰፊዋ፣ ስለማላስበው ነገር ሁሉ።

ሚጡ ስታስል ነው ያቆምነው። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ተነስታ ወደ በሩ መጣች፣ ዓይኗን እያሸች። ልጄ አየቻትና በሳቅ ፈነዳች። «ነይ እስኪ! ምንድን ነው ፊትሽ ላይ?»

ጉንጯ ላይ ጽሑፍ ነበር። ጥቁር፣ ደቃቅ፣ የተገለበጠ፣ ሦስት መስመር። ከጆሮዋ ሥር እስከ አፏ ዳር። የዝሆኑ ወሬ።

ልጄ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ታጠፋላት ጀመር። ሳቋ ድንገት ተቋረጠ። ጣቷን አየችው። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም፤ አተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ስትጫነው ሰማሁት። ወረቀት ሲረጥብ የሚያወጣው ድምፅ አለ፣ ድምፅ እንኳ አይባልም። ከዚያ አንዱን ጫፍ ይዛ ሳበችው። ሳትታገል መጣላት።

«እማዬ። እርጥብ ነው።»

«ምንም አይደለም፤» አልኳት።

አፌ ነው ያለው። ሌላ ሺህ ነገር ማለት እችል ነበር። ይቅርታ ማለት እችል ነበር፣ ክረምቱ ሲወጣ ይደርቃል ማለት እችል ነበር። የወጣው ግን እሱ ነው፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

ልጄ ዞረች። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን አላየችውም፤ ያየችው እኔን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና በር ላይ እንደቆመችው።

«በስልክ ጠይቄሽ ነበር እኮ፤» አለች።

 አልጮኸችም። ሻንጣዋን አነሳች፣ የሚጡን ጫማ አሰረች። ሚጡ «አናድርም እንዴ? ኮከቡ ሳይበራ?» ስትላት «ሌላ ጊዜ፤» አለቻት። ትራሱን ይዛ ልትወጣ ስትል ልጄ ተቀብላ አሸተተችው፤ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ነበር። መልሳ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ በቀስታ፣ እንደሚሰበር ዕቃ። በሩ ላይ ጉንጬን ሳመችኝ። ሁለት ጊዜ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ዝናቡ ውስጥ ሄዱ። ጽሑፉ የሚጡ ጉንጭ ላይ እንዳለ ነበር፤ ማንም አላጠፋላትም።

ማክሰኞ 3

ሥራ ሄጃለሁ። ትራስ ልብስ ብቻ ስጡኝ አልኳቸው።

ሰፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ «ልጅቷስ?» አለች። «አያቷ ጋ ሄደች፤» አልኳት። «አያቷ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች። ከዚያ ገባትና መስኮቱን ዘጋችው።

እሑድ 8

ጋሽ ብሩሽ መጣ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ።  ጋዜጣውን ከላይ ጀምሮ ይልጠው ጀመር። ልከለክለው ብዬ ተውኩት። ከሥር ጥቁሩ ጠጉር አብቅሏል፣ ሙጫውን ተመግቦ። ዱቄቱን በልቶ ነው የወፈረው። እኔው በእጄ አብስዬ ነው ያበላሁት።

«ሟቹ ስለዚያኛው ቤት ነግሮኝ ያውቃል፤» አለኝ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «ሥራ አጥብቄ ይዤ፣ ቤቴን ሳላይ ቀረሁ ብሎ ያለቅስ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ይል ነበር።»

የተላጠውን ጋዜጣ ከወለሉ ሰበሰብኩ።  ያንን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ የእኔን ተሸክሞልኝ ኖሯል። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ባራገፍኩለት ነበር።

ሐሙስ 19

ዝናብ። ሥራ። ዝናብ።

መጽሔቷን ለባለሱቁ መለስኩለት። «ጨረስሻት?» አለኝ። «ጨረስኳት።»

እሑድ 29

ክረምቱ ወጣ። አከራዬ ሰው አምጥታ አሸንዳውን አስደፈነች፤ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ ጠዋት። ያለቀው እንዲህ ነው። ሰውዬው ከጣራው ሲወርድ «ቀላል ነው እኮ፣ እናቴ፤ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ?» አለኝ።

ዓርብ 4

ፀሐይ። ጋሽ ብሩሽ ነጭ ቀለም ይዞ መጣና ግድግዳውን በጣቱ አጥንት አንኳኳ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። «ነቃ!» አለኝ፣ ጢሙ ሥር ፈገግ ብሎ። «አሁን ቀለም ይቀበላል። ልቀባልሽ?»

«ለማን?» አልኩት።

የቀለሙን ጣሳ በሩ ሥር ትቶልኝ ሄደ።

እሑድ 6

ልጄ ደወለች። በሳምንት አንዴ ትደውላለች፤ አታጓድልም። ሚጡ እዚያ ለምዳለች። ውሻ አላቸው። ሳሉ ትቷታል። የአባቷ እናት ሀ ሁ አስጀምረዋታል፣ «መ» ላይ ደርሳለች።

«ጎበዝ ናት፤» አልኳት።

 «ቤቱስ?» አለችኝ፤ ለወጉ ያህል ነው የጠየቀችኝ።

«ደረቀ፤» አልኳት።

ከጀርባዋ ድስት ሲንኳኳ ይሰማል።

«እውነቴን ነው። አሸንዳው ተሠራ። ጋሽ ብሩሽንም ጠይቂው። ደርቋል።»

«እሺ እማዬ፤» አለች።

ለታመመ ሰው እንደሚባለው ነው ያለችው፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ድምፁን አወቅሁት፤ የእኔ ነው። ደህና ሁኚ ተባብለን ዘጋን።

ስናወራ ግራ እጄ ግድግዳው ላይ ነበር። አሁንም እዚያው ነው፤ የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ደረቅ ነው።